ለሥራና ለገንዘብ አቅም የተስማማ ስልክ ስለ መምረጥ

ማናቸውም መሣሪያ የሚገዛው ስለ ሥራው ነው። ገበሬ ማረሻ ሲገዛ የመሬቱን ጠባይ ያስባል፤ የጣና ታንኳ የሚሠራ ሰውም ደንገል ሲያጭድ የሚጫነውን ጭነት አስቀድሞ ይገምታል። ስልክ ግን ብዙ ጊዜ ያለዚህ ዓይነት ሐሳብ ይገዛል፤ ጎረቤት ስለ ያዘው፣ ወይም ስሙ ስለ ገነነ፣ ወይም ሻጩ ስላሞገሰው ብቻ ይመረጣል። ስለዚህም በባሕር ዳር ገበያ ገንዘቡን ከፍሎ ወደ ሐይቁ ዳር መንደሩ ከተመለሰ በኋላ፣ የገዛው ስልክ ላሰበው ሥራ ሳይረዳው የሚቀር ሰው አለ። ይህም ጉዳት ቀላል አይደለም፤ መምህሩ የወራት ቁጠባውን፣ የዘጌው ባለ ቡና የምርቱን ዋጋ ከፊሉን፣ ዓሣ አስጋሪው የመረቡን መግዣ በእርሱ ላይ አውጥቶበታልና።

ስለዚህ ስልክ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡትን ነገሮች በተራ መግለጥ ይበጃል። እነርሱም አራት ናቸው፤ አንደኛው ሥራን፣ ሁለተኛው ስፍራን፣ ሦስተኛው ዕቃውን፣ አራተኛው ገንዘብን ማወቅ ነው። ይህ ተራ ባይገለበጥ መልካም ነው። ሥራውን ሳያውቅ ዕቃውን የሚያይ ሰው ሁሉም ያምረዋልና።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት መነሻውን እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1894 ዓ.ም. ይቈጥራል። በእጅ የሚያዘው ስልክ ግን በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ የሰው ፍላጎት ድምፅ መስማትና ማሰማት ብቻ ነበረ። ከዚያ ወዲህ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ቀጥሎ ሁለተኛ አገልግሎት ሰጪ ሆኖ ሥራውን በይፋ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ኤም ፔሳ ተከተለ። እንግዲህ ስልክ ዛሬ የገንዘብ ቦርሳም፣ የመጽሐፍ መያዣም፣ የፎቶግራፍ ማንሻም ሆኗል። ሥራው በመብዛቱም ምርጫው ከባድ ሆነ።

1ኛ፤ ሥራን ስለ ማወቅ

በገበያ ያሉት ስልኮች በጠቅላላው ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ባለ ቍልፍ ቀፎ ነው፤ ሁለተኛው በጣት የሚነካ ስክሪን ያለው፣ ስማርት ስልክ የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛው ከፊተኛው በሁሉ ነገር የሚበልጥ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ነገሩ እንደ ሥራው ነው።

ባለ ቍልፍ ቀፎ ድምፅ ያደርሳል፤ አጭር መልእክት ይልካል፤ ብዙውን ጊዜም ሬዲዮና የእጅ መብራት አለው፤ አንድ ጊዜ ከተሞላ ለብዙ ቀን ይቈያል። ገንዘብ ለመላክና ለመቀበልም ያገለግላል፤ *127# ተብሎ ሲደወል ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፤ ለአገልግሎቱ የተመዘገቡ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞችም *889# ደውለው ሒሳባቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከዚህም በላይ የስማርት ስልክ ስክሪን የጣትን ንክኪ የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ለውጥ ስለ ሆነ፣ ውኃ ሲነካው ይታወካል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እጁ የማይደርቅ ዓሣ አስጋሪ ወይም ታንኳ ቀዛፊ በሐይቁ ላይ ሳለ ከውድ ስማርት ስልክ ይልቅ ርካሹ ባለ ቍልፍ ቀፎ ይረዳዋል።

ስማርት ስልክ የሚያስፈልገው መጽሐፍ ለማንበብ፣ ፎቶግራፍ ለመላክ፣ በቴሌግራምና ይህን በመሰለው መልእክት ለመለዋወጥ፣ ወይም ትምህርት በምስል ለመከታተል ለሚፈልግ ሰው ነው። ለአዲሱ ሥርዐተ ትምህርት የተዘጋጁት የተማሪ መጻሕፍት በፒዲኤፍ መልክም ስለሚገኙ፣ የወረቀቱ መጽሐፍ ለሁሉ ባልተዳረሰበት ትምህርት ቤት አንድ ስማርት ስልክ ለመምህሩ ትልቅ ረዳት ነው። ዳግመኛም በ2016 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ ብሔራዊውን ፈተና በኮምፒዩተር ስለ ተፈተኑ፣ ተማሪ ከስክሪን ላይ ማንበብን መልመዱ ጥቅም አለው።

ስለዚህ ገዢው ወደ ገበያ ሳይወጣ በወረቀት ላይ ሦስት ሥራዎችን ይጻፍ። እነዚህም በየቀኑ የሚሠራባቸው እንጂ ምናልባት አንድ ቀን ይሆናሉ የሚላቸው አይሁኑ። ከሦስቱ አንዱም ስማርት ስልክ የማይጠይቅ ከሆነ፣ ባለ ቍልፉን ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ለሌላ ጕዳይ ማዋል ብልኅነት ነው።

2ኛ፤ ስፍራን ስለ ማወቅ

በባሕር ዳር ከተማ የሚሠራ ስልክ ሁሉ በደቅ ደሴት፣ በቁንዝላ ወይም በጎርጎራ ዳርቻ እንደዚያው ይሠራል ማለት አይደለም። በስፍራው መታየት የሚገባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ኔትዎርክ፣ የኤሌክትሪክ ኀይልና ውኃ።

ኔትዎርክ በትውልድ ይከፈላል። 2ጂ ለድምፅና ለአጭር መልእክት ይበቃል፤ 3ጂ ኢንተርኔትን በመጠኑ ያደርሳል፤ 4ጂ ምስልና ትልልቅ ጽሑፍ በፍጥነት ያመጣል፤ 5ጂ ከዚያም ይፈጥናል። የ5ጂ ምሰሶ በሌለበት መንደር 5ጂ የሚቀበል ስልክ መግዛት፣ መኪና በማይገባበት መንገድ መኪና እንደ መግዛት ነው። ስለዚህ ገዢው በሚኖርበት ቤትና በሚሠራበት ቦታ የትኛው ኔትዎርክ እንደሚደርስ በጎረቤቱ ስልክ ላይ ይመልከት፤ የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምንም ሲም ካርድ በዚያው ስፍራ አስገብቶ ቢያስተያይ ይበልጥ ያውቃል። ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ ስልክ በዚህ ረገድ ይጠቅማል፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይገኛልና።

ነገር ግን ኔትዎርክ ባለበትም ቢሆን ኢንተርኔት ሁልጊዜ ይኖራል ብሎ መታመን አይገባም። በአማራ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቈይቷል። በዚያ ጊዜ መጽሐፉን አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ማንበቡን አላቋረጠም፤ ሁሉን ነገር ከኢንተርኔት እየጠራ ይጠቀም የነበረው ግን ስልኩ ባዶ ዕቃ ሆነበት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ለገጠር ሰው ብዙ ማስቀመጫ ያለው ስልክ ከፈጣኑ ስልክ ይልቅ የሚሻል መሆኑ ነው። ሬዲዮ ያለበትም ቢሆን መልካም ነው፤ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በአብዛኛው ስልክ ላይ ግን የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ እንደ አንቴና ስለሚያገለግል መሰካት አለበት።

ስለ ኤሌክትሪክ ኀይልም እንደዚሁ ነው። ከጣና በሚወጣው ውኃ የሚሠራው የጣና በለስ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ነበረው፤ ቢሆንም በዚሁ ሐይቅ ዙሪያ የመብራት መስመር ያልደረሰላቸው ቤቶች አሉ። መስመሩ ባለበትም መብራት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ባትሪውን ይመልከት። የባትሪ ልክ በሚሊ አምፔር ሰዓት ይነገራል፤ በዛሬው ስማርት ስልክ 5,000 የተለመደ ልክ ነው። ይህን የሚያህል ባትሪ በ10 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ለመሙላት በብርቱ ፀሐይ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል ይጠይቃል። መብራት በጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚያገኝ ሰው ደግሞ ቶሎ የሚሞላ፣ 18 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚቀበል ስልክ ይበጀዋል።

ስለ ውኃ፣ በስልኩ ዝርዝር ላይ አይ ፒ ተብሎ በሁለት ቍጥር የሚጻፈውን ምልክት ማንበብ ነው። የፊተኛው ቍጥር ስለ አቧራ፣ የኋለኛው ስለ ውኃ ይናገራል። አይ ፒ 54 ፍንጣቂ ውኃ ይችላል፤ በውኃ ውስጥ መስጠምን ግን አይችልም። አይ ፒ 67 በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ይቈያል። ይህም የሚነገረው ለአዲስ ስልክ ነው፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ወይም አንድ ጊዜ ተከፍቶ የተጠገነ ስልክ ይህን መከላከያ ሊያጣ ይችላል። በጀልባ ወደ ደሴት የሚመላለስ ሰው ስልኩን በሚጠብቅ የላስቲክ ከረጢት አጥብቆ ቢይዝ፣ በጥቂት ዋጋ ከብዙ ኪሳራ ይድናል።

3ኛ፤ ዕቃውን ስለ ማወቅ

ሻጮች ደጋግመው የሚያነሷቸው ሁለት ቃላት ራምና ስቶሬጅ ናቸው። ብዙ ገዢ እነዚህን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሁለቱ ግን ልዩ ልዩ ናቸው። ይህንንም በጣና ገዳማት ባለው ሥርዐት መረዳት ይቻላል። በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ የብራና መጻሕፍት የሚጠበቁት በዕቃ ቤት ነው፤ አንባቢው ግን ለዕለቱ የሚያስፈልገውን አውጥቶ በአትሮንስ ላይ ይዘረጋል። ስቶሬጅ ዕቃ ቤቱ ነው፤ ራም አትሮንሱ ነው። ዕቃ ቤቱ ጠባብ ቢሆን መጻሕፍቱ አይገቡም፤ አትሮንሱ ጠባብ ቢሆን ግን መጻሕፍት ሞልተው ሳሉ አንዱን ለመዘርጋት ሌላውን መክደን ግድ ይሆናል። ስልክ ሲንቀራፈፍና የተከፈተው ሥራ በድንገት ሲዘጋ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የራም ማነስ ነው።

ለመልእክትና ለቀላል ንባብ 2 ወይም 3 ጊጋ ባይት ራም ያለው፣ አንድሮይድ ጎ የተባለው ቀለል ያለ ሥርዐት የተጫነበት ስልክ ይበቃል። ለመምህርና ለተማሪ ግን 4 ጊጋ ባይት ቢሆን ይሻላል። ስቶሬጁን በሚመለከት፣ ስልኩ የሚሠራበት ሥርዐት ራሱ ከ10 ጊጋ ባይት በላይ እንደሚወስድ ማወቅ ይገባል፤ ስለዚህ 32 ከተባለው ለባለቤቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። መጽሐፍና ምስል ለሚያከማች ሰው 64 ጊጋ ባይት መነሻ ይሁነው። አንድ የትምህርት መጽሐፍ 30 ሜጋ ባይት ይመዝናል ብንል፣ አንድ ጊጋ ባይት 33 ያህል መጻሕፍት ይይዛል። ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ስልክ ከሆነ ዕቃ ቤቱን ኋላ ማስፋት ይቻላል፤ ራምን ግን ኋላ ማስፋት አይቻልም። ስለዚህ ገንዘብ ቢያጥር ከስቶሬጁ ይቀነስ እንጂ ከራሙ አይቀነስ።

ካሜራን በሜጋ ፒክስል ብዛት ብቻ መመዘን ያሳስታል። የሥዕሉ ጥራት የሚገኘው ከመነጽሩና ብርሃን ከሚቀበለው ክፍል ነው፤ ቍጥሩ ትልቅ ሆኖ ሥዕሉ የደበዘዘ ስልክ አለ። ፈተናው ቀላል ነው፤ በሱቁ ውስጥ፣ ጥላ ባለበት፣ የመጽሐፍ አንድ ገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ ፊደሉ ይነበብ እንደ ሆነ ማየት ነው። ስክሪኑንም እንዲሁ ወደ ውጭ አውጥቶ በፀሐይ ማየት ያስፈልጋል፤ በሱቅ ጥላ ያማረ ስክሪን በሐይቁ ዳር ፀሐይ የማይነበብ ሊሆን ይችላልና።

የሥርዐቱ ዕድሜ ደግሞ ከዐይን የተሰወረ ነገር ነው። ስማርት ስልክ ከሌቦች ተንኮል የሚጠበቀው አምራቹ በየጊዜው በሚልከው ማሻሻያ ነው፤ ማሻሻያው ካቆመ ጥቂት ዓመታት በኋላ የባንክና የመልእክት መተግበሪያዎች በዚያ ስልክ ላይ መሥራት ይተዋሉ። ስለዚህ የአንድሮይዱ ቍጥር በሴቲንግ ውስጥ ይታይ፤ በሁለት ተመሳሳይ ስልኮች መካከል ቍጥሩ ከፍ ያለው ይመረጥ።

የአማርኛ ጽሕፈትም አይረሳ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደ ተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ የዛሬው ስማርት ስልክ አማርኛ ያነባል፤ የመጻፊያ ገበታውም በነጻ ይገኛል። በአንዳንድ ባለ ቍልፍ ቀፎ ላይ ግን ፊደላችን በባዶ ሣጥን ምልክት ይታያል፤ ሳይገዙ በአማርኛ መልእክት ልኮ መሞከር ነው። ዳግመኛም አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ምልክት ብቻ እንደሚይዝ ማወቅ ይረዳል፤ ረዥም መልእክት እንደ ሁለትና እንደ ሦስት ተቈጥሮ የሚከፈልበት ስለዚህ ነው።

4ኛ፤ ገንዘብን ስለ ማወቅ

የስልክ ዋጋ በሻጩ አፍ የሚነገረው ብቻ አይደለም። ከቨርና የስክሪን መከላከያ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ የየወሩ ዳታ፣ መብራት በሌለበትም ፓወር ባንክ ወይም የፀሐይ ሰሌዳ ይጨመርበታል። ስለዚህ ገዢው ያለውን ገንዘብ ሁሉ በቀፎው ላይ አያውጣ፤ ከ10 እጅ 2ቱን ለእነዚህ ያስቀር።

ዋጋን በዕድሜ ከፍሎ ማየትም ይገባል። ለምሳሌ አንዱ ስልክ 7,000 ብር ተገዝቶ ለ18 ወር ቢያገለግል፣ በወር 389 ብር ያህል ያስወጣል። ሌላው 12,000 ብር ተገዝቶ ለ48 ወር ቢያገለግል፣ በወር 250 ብር ይሆናል። ርካሽ የመሰለው ውድ ሆነ ማለት ነው። ይህ ግን ውዱን ሁሉ መልካም አያደርገውም፤ ባለቤቱ በማይሠራበት ነገር ዋጋው ከፍ ያለ ስልክ ቢኖር ያ ገንዘብ የባከነ ነው።

ስልኮች ወይም ዕቃዎቻቸው ከውጭ አገር የሚመጡ ስለ ሆኑ ዋጋቸው የውጭ ምንዛሪን ይከተላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ ካቻምና የተሰማ ዋጋ ዛሬ አይሠራም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቆ ማስተያየት ግን ሁልጊዜ ይሠራል። የስም ዋጋም ይታሰብ፤ ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ በስም ቢለያዩም ትራንሺን የተባለው የአንድ የቻይና ኩባንያ ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ዝርዝሩን ማነጻጸር ይሻላል።

በዱቤ ወይም በየወሩ ክፍያ የሚገዛ ሰው የሚከፍለውን ሁሉ ደምሮ ከእጅ በእጅ ዋጋው ጋር ያስተያይ። ለሥራ የሚያስፈልግ ስልክ በዱቤ ቢገዛ የሚመሰገንበት ጊዜ አለ፤ ለመታያ የሚገዛ ከሆነ ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ይደርስበታል።

በሱቅ ውስጥ ስለሚደረግ ምርመራ

ሥራውን፣ ስፍራውን፣ ዕቃውንና ገንዘቡን ያወቀ ሰው ወደ ገበያ ሲወጣ የሚቀረው ከመታለል መጠበቅ ነው። የታወቀ ስም ተለጥፎባቸው የሚሸጡ ኮፒ ስልኮች አሉ፤ ስላሽ ከሚባሉት ካገለገሉ ስልኮችም መካከል የተሰረቁ ይገኛሉ። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሚከተለውን ያድርግ።

በመጀመሪያ *#06# ይደውል። በስክሪኑ ላይ አይ ኤም ኢ አይ የተባለ 15 አኃዝ ያለው ቍጥር ይወጣል፤ ይህ ከካርቶኑ ቍጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሻጩ የተናገረውን ራምና ስቶሬጅ በሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ይመልከት። ሦስተኛ፣ የራሱን ሲም ካርድ አስገብቶ ይደውል፤ ድምፁን ይስማ፤ ኢንተርኔት ይክፈት። አራተኛ፣ ቻርጀሩን ሰክቶ ባትሪው መሙላት መጀመሩን ይይ። አምስተኛ፣ ስልኩ ያገለገለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት የጉግል ወይም የአፕል መለያውን በፊቱ እንዲያወጣ ያድርግ፤ ይህ ሳይደረግ የተገዛ ስልክ ኋላ ተቈልፎ የማይከፈት ይሆናል። በመጨረሻም የዋስትናውን ጊዜ የሚናገር ወረቀትና ደረሰኝ ይቀበል። ከደቅ ወይም ከቁንዝላ በጀልባ የመጣ ሰው ለአንድ ጥገና ቀኑን ሙሉ ስለሚያጠፋ፣ መለዋወጫው በባሕር ዳር በቀላሉ የሚገኝለትን ስልክ ቢመርጥ ይበጀዋል።

ምርጫው በሦስት ሰዎች ሲታይ

በሐይቁ ላይ የሚውል አምባዛና ቆሮሶ አስጋሪ፣ ከነጋዴ ጋር ዋጋ ለመነጋገርና ገንዘብ ለመቀበል ስልክ ቢፈልግ፣ ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ ባለ ቍልፍ ቀፎና ውኃ የማያስገባ ከረጢት ይበቁታል። የዘጌ ባለ ቡና ሸቀጡን በፎቶግራፍ ለገዢ የሚያሳይ ከሆነ፣ 3 ጊጋ ባይት ራምና ደኅና ካሜራ ያለው መካከለኛ ስማርት ስልክ ይስማማዋል። የገጠር መምህር ግን 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት ስቶሬጅ፣ የሚሞሪ ካርድ ስፍራ፣ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪና ለዐይን የማያደክም ሰፊ ስክሪን ያለው ስልክ ያስፈልገዋል፤ በከተማ በሚውልበት ቀን መጻሕፍቱን አውርዶ ቢመለስ፣ በመንደሩ ያለ ኢንተርኔት ለተማሪዎቹ ያነብላቸዋል። ከሦስቱ የመምህሩ ስልክ በዋጋው ይበልጣል፤ ይህ ግን ለአስጋሪው አይበጀውም፤ የአስጋሪውም ለመምህሩ አይበቃውም።

መምህራንም ይህን ምክር ለተማሪዎቻቸውና ለወላጆች በቃል ቢያስረዱ መልካም ነው፤ ማንበብ የማይችለው ገዢ ከሁሉ ይልቅ በሻጭ ቃል ላይ የተጣለ ነውና። ስልኩ ከተገዛ በኋላም የምስጢር ቍጥሩን ለማንም አለመንገር፣ ከብርቱ ፀሐይና ከእሳት አጠገብ አለማኖር፣ ባትሪውም ፈጽሞ እስኪያልቅ አለመጠበቅ ዕድሜውን ያረዝመዋል። ሥራውን ጽፎ፣ ስፍራውን ጠይቆ፣ ዕቃውን መርምሮ፣ ገንዘቡን ቈጥሮ የገዛ ሰው የጎረቤቱ ስልክ ቢያምርም አይጸጸትም፤ የእርሱ ለእርሱ ሥራ የተመረጠ ነውና።